የሶፋ ጨርቅ አመራረጥ፣ አቆራረጥና አለባበስ፦ ዝርዝር መመሪያ

አንድን ሶፋ አፍርሶ እንደገና ለማልበስ የሚወጣው የስፖንጅ፣ የክርና የእጅ ዋጋ ጨርቁ ርካሽም ይሁን ውድ ያው ነው። በመሆኑም በሜትር ጥቂት ብር ለማትረፍ ሲባል የተገዛ ስስ ጨርቅ መቀመጫው ላይ ቶሎ ሲሳሳ፣ ባለቤቱ እንደገና የሚከፍለው የጨርቁን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሙሉውን ሥራ ዋጋ ነው። ይህ መመሪያ የእንጨት አካልና ተነቃይ የመቀመጫ ትራስ ያለውን ባለ ሦስት ሰው ሶፋ እንደ ምሳሌ ይዞ፣ ጨርቁ ከሚመረጥበት ሰዓት አንስቶ የሶፋው ሆድ፣ ማለትም ሥሩ፣ እስኪዘጋ ድረስ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ከዚህ በፊት ምንም ነገር አልብሶ ለማያውቅ ሰው ግን በምግብ ጠረጴዛ ወንበር መጀመር ይሻላል፤ የወንበሩ መቀመጫ በአራት ብሎን ተፈትቶ የሚወጣ ከሆነ፣ የመወጠርና የማዕዘን አጣጣፍ ትምህርቱ በአንድ ሜትር ጨርቅ ይገኛል።

በሥራው ሁሉ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የጨርቁ አቅጣጫ ነው። ድሩ (በጨርቁ ርዝመት የሚሄደው ክር) በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ጸጉር ካለው ጸጉሩ ወዴት እንደሚተኛ፣ ጥለት ካለው ጥለቱ የት እንደሚያርፍ ሳያውቁ መግዛትም፣ መቁረጥም፣ መወጠርም አይቻልም።

ከጨርቁ በፊት ቤቱን መመልከት

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሶፋው የሚኖርበትን ክፍል በጥሞና ይመልከቱ። ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት ሳሎን ውስጥ ያለ ሶፋና ልጆች ቴሌቪዥን እያዩ የሚዘሉበት፣ የሚበሉበትና የሚተኙበት ሶፋ አንድ ዓይነት ጨርቅ አይሹም። ቀጥሎ የሚታየው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ስለዚህ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት ሥር የሚቀመጥ ሶፋ በጥቁር ሰማያዊ ወይም በደማቅ ቀይ ጨርቅ ከለበሰ፣ የመደገፊያው አናት ከሌላው ክፍል ተለይቶ መንጣቱ አይቀርም። ቦታውን መቀየር ካልተቻለ ቀለል ያለ ቀለም መምረጥ ወይም መጋረጃውን ማወፈር ይሻላል።

ሳሎን ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ የከሰል ፍንጣሪ ነገርም ከምርጫው ጋር የተያያዘ ነው። ፖሊስተር ፍም ሲነካው ይቀልጥና ጠርዙ የደረቀ ቀዳዳ ይተዋል፤ ጥጥ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ሊቀጥል ይችላል፤ ሱፍ ግን በባሕርዩ እሳት ቶሎ አይዘውም። ከሁሉም የሚያሰጋው ከጨርቁ ሥር ያለው ስፖንጅ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ በፍጥነት ይነዳል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1988 ጀምሮ የቤት ዕቃ ስፖንጅና ጨርቅ የእሳት ፍተሻ እንዲያልፉ በደንብ የተደነገገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚያ የሚኖር አንባቢ ሶፋውን ሲያድስ ይህንን የሚገልጽ ምልክት በስፖንጁና በጨርቁ ላይ መፈለግ ይኖርበታል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ጸጉራቸውን ቅቤ የሚቀቡ እናቶች ባሉበት ቤት፣ ወይም የጸጉር ዘይት በሚዘወተርበት ቤት፣ መጀመሪያ የሚበላሸው የመደገፊያው አናት ነው። አያቶቻችን ሶፋው ላይ ዳንቴል የሚያነጥፉት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ከሶፋው ጨርቅ ራሱ የተሰፋ፣ ተነስቶ የሚታጠብ የራስ ማሳረፊያ ልባስ ለመሥራት ካሰቡ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ጨርቅ ከወዲሁ ጨምረው ይያዙ።

የጨርቅ ዓይነቶችና ጠባያቸው

ለአብዛኛው ቤት የምመክረው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጸጉር የሌለው፣ ከፖሊስተር ወይም ከፖሊስተርና ጥጥ ቅልቅል የተሸመነ፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ300 ግራም የማያንስ ጨርቅ ነው። ይህ ዓይነቱ ጨርቅ ዓይን አይስብም፤ ነገር ግን አይሸበሸብም፣ ሲጠረግ ይጸዳል፣ አቆራረጡም ለጀማሪ ይቅር ባይ ነው። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ቀለም ክር ተደባልቆ የተሸመነ ከሆነ ደግሞ ትናንሽ እድፎችን ይሸፍናል።

ንጹሕ ጥጥ ሲቀመጡበት ይመቻል፣ አየር ያስገባል፤ ይሁንና ፈሳሽ ይጠጣል፣ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ 3 እስከ 5 ያህል ይኮማተራል። ልባሱ እየተነሳ የሚታጠብ እንዲሆን ከታሰበ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት አንድ ጊዜ ታጥቦ፣ ደርቆና ተተኩሶ መቅረብ አለበት። ሊነን (ከተልባ ተክል ክር የሚሸመን ጨርቅ) ያምራል፤ ሆኖም ይሸበሸባል፣ ተደጋግሞ በሚታጠፍበት ቦታ ላይም ክሩ ይሰበራል። ሸኒል (ከጸጉራም ወፍራም ክር የሚሸመን ጨርቅ) ለስላሳና ሞቃት ቢሆንም የድመት ጥፍር ወይም የልጅ መጫወቻ ሲይዘው ክሩ ተመዞ ይወጣል።

የአገር ሽመናን በሚመለከት ብዙ ጊዜ ጥያቄ ይነሳል። የእጅ ሽመና ጥጥ ለመቀመጫ ልል ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ድርና ማጉ ይለያያል፣ ስፋቱም ጠባብ ስለሆነ ብዙ ቦታ መገጣጠም ይጠይቃል። ጥበብ ያለውን ጨርቅ በጌጥ ትራስ ላይ፣ ከሥሩ በሙቀት የሚለጠፍ ገበር ተለጥፎበት ቢጠቀሙ ግን ሳሎኑን የሚያሳምር ነገር አይታጣም።

ከፋይ (ቬልቬት) ጠለቅ ያለ ማብራሪያ ይሻል፤ በሱቅ ውስጥ በጣም የሚያምረው፣ በሥራ ላይ ደግሞ በጣም የሚያስቸግረው እርሱ ነውና። የከፋይ ጸጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። እጅዎን ወደ ጸጉሩ መተኛ ሲያሳልፉ ልስላሴ ይሰማዎታል፣ ጨርቁም ፈዘዝና ነጣ ብሎ ይታያል፤ በተቃራኒው ሲያሳልፉ ይሻክራል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ሁለት ቁራጮች ከአንድ ጣቃ ተቆርጠው በተለያየ አቅጣጫ ከተሰፉ፣ ሶፋው በሁለት የተለያየ ቀለም የለበሰ ይመስላል፤ ይህ ደግሞ ካልተፈታ በስተቀር የሚስተካከል ነገር አይደለም። በሶፋ ላይ ትክክለኛው አቅጣጫ በመደገፊያው ከላይ ወደ ታች፣ በመቀመጫው ከኋላ ወደ ፊት፣ በፊት ለፊቱ ደግሞ እንደገና ወደ ታች ነው፤ ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ ጸጉሩን ወደ መተኛው ያሻሸዋል እንጂ አይገለብጠውም። የፖሊስተር ከፋይ ከጥጥ ከፋይ ይልቅ የመቀመጥ ምልክቱ ቶሎ ይጠፋለታል፣ እጥበትም ይችላል።

በገበያ «ሌዘር» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር ቆዳ አይደለም። ከጨርቅ በላይ ፕላስቲክ የተቀባ ሲሆን፣ በዋናነት የፒቪሲና የፖሊዩሬቴን ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ፒቪሲው ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ለካፌ፣ ለጸጉር ቤትና ለክሊኒክ መጠበቂያ ወንበር ይስማማል፣ ሲቀመጡበት ግን ያልባል። ፖሊዩሬቴኑ ይለሰልሳል፣ ቆዳም ይመስላል፤ ርጥበትና የሰውነት ላብ ግን ከጊዜ ብዛት ሽፋኑን ይሰብሩትና እየተቀረፈ መውደቅ ይጀምራል። የቆዳ ብናኝ በሙጫ ተያይዞ የሚሠራውና «የተፈጥሮ ቆዳ አለበት» እየተባለ የሚሸጠውም ዕጣው ይኸው ነው። አንዴ መቀረፍ የጀመረ ልባስ በቀለምም በማስቲሽም አይድንም። ከመግዛትዎ በፊት ጀርባውን ገልብጠው ይመልከቱ፦ እውነተኛ ቆዳ ጀርባው ጭረት የበዛበት ሸካራ ሥጋ ጎን ሲሆን፣ ሰው ሠራሹ የተሸመነ ወይም የተጠለፈ ጨርቅ ያሳያል።

እውነተኛ ቆዳን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ በዓለም ላይ በጓንት ሥራ የታወቀ ነው፤ ለሶፋ ግን ይሳሳል፣ ቁራጩም ትንሽ ነው። ለሶፋ የሚሆነው የከብት ቆዳ ነው። ቆዳ እንደ ጨርቅ በሜትር ሳይሆን በስኩዌር ጫማ ይሸጣል፤ ቅርጹም የእንስሳው ስለሆነ፣ ሆዱና እግሩ አካባቢ ያለው ልል ክፍል ሲጣል ብክነቱ ከጨርቅ በእጅጉ እንደሚበልጥ አስቀድመው ያስሉ።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ጨርቁ መግለጫ ወረቀት ካለው በመጀመሪያ የሚታየው የፍትጊያ ቁጥር፣ ማለትም ጨርቁ ሳይበላ ምን ያህል መፋተግ እንደሚችል የሚያሳየው ቁጥር ነው። በአውሮፓ ማርቲንዴል በተባለው ፍተሻ ከ15,000 እስከ 25,000 ዙር የቻለ ጨርቅ ለተለመደ የቤት አገልግሎት ይበቃል፤ በየቀኑ በብዛት ለሚቀመጡበት ሶፋ ከ25,000 በላይ፣ ለሆቴልና ለካፌ ከ30,000 በላይ ይፈለጋል። ከአሜሪካ የመጣ ጨርቅ ዋይዘንቤክ በሚባል ሌላ ፍተሻ ሊለካ ስለሚችል፣ የሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር አይቻልም። የብርሃን መቋቋሚያው ከ1 እስከ 8 ባለው መለኪያ ከተጻፈ 5ና ከዚያ በላይ ይምረጡ።

በመርካቶ የሚሸጠው ብዙው ጣቃ ግን ይህን የመሰለ ወረቀት የለውም። ስለዚህ እጅና ዓይን ይሠራሉ። ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይዩት፤ ብርሃኑ በየክሩ መካከል በጉልህ ካለፈ ሽመናው ልል ነው። ቀጥሎ በሁለት አውራ ጣቶችዎ መካከል ይዘው ወደ ግራና ቀኝ አጥብቀው ይሳቡት፣ ከዚያ ይልቀቁት፦ ክሮቹ ተለያይተው የቀሩ ከሆነ ስፌቱም በዚያው መንገድ ይከፈታል። ከተቆረጠው ጫፍ ላይ ክሩን በጥፍርዎ ሲገፉት በቀላሉ ተንሸራቶ ከወጣም ያንን ጨርቅ ለመቀመጫ አይግዙት።

ቀለሙን ለመፈተን ነጭ አቡጀዲ ወይም መሐረብ በትንሽ ውኃ አርጥበው፣ የጨርቁን ማዕዘን ሃያ ጊዜ ያህል አጥብቀው ይሹት። መሐረቡ ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ያ ቀለም ነገ በእንግዳ ነጭ ቀሚስ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ጥቁር ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ጥቁር ጨርቆች ይህን ፍተሻ ሳያልፉ አይገዙ፤ ባለ ሱቁ ቅር ቢለውም።

የክሩን ዓይነት ለማወቅ ከጠርዙ ጥቂት ክሮች ለምነው ይውሰዱና ከሱቁ ውጭ፣ በብረት መቆንጠጫ ይዘው፣ በክብሪት ይለኩሷቸው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል፤ ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱም ሲርቅ ይጠፋል፤ ፖሊስተር ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድም ጠንካራ ጠጠር ይሆናል። «መቶ በመቶ ጥጥ» የተባለ ጨርቅ ጠጠር ከተወ ነገሩ ግልጽ ነው።

የሚያስፈልግዎትን ሁሉ ከአንድ ጣቃ ይግዙ። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ጣቃዎች እንኳ በተለያየ ጊዜ ከተነከሩ የቀለም ልዩነት ያሳያሉ፤ ልዩነቱ ሱቅ ውስጥ ባለው አምፖል ባይታይም ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ሲሰፋ ይታያል። ባለ ሱቁ ከመቁረጡ በፊትም ጨርቁ ሙሉ በሙሉ እንዲዘረጋ ይጠይቁና የሽመና ጉድለት፣ የዘይት ነጠብጣብ ወይም የእጥፋት መስመር መኖር አለመኖሩን ይዩ፤ ከተቆረጠ በኋላ ማንም አይመልስልዎትም።

ስንት ሜትር ያስፈልጋል?

የሶፋ ጨርቅ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከ137 እስከ 140 ሳንቲ ሜትር ነው። ሆኖም ስሌት ከመጀመርዎ በፊት የመረጡትን ጨርቅ ስፋት ራስዎ ይለኩ፣ ከሁለቱም ዳር የፋብሪካ ጠርዙን ይቀንሱ።

ሦስት የመቀመጫ ትራሶች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው 60 በ60፣ ውፍረታቸው 12 ሳንቲ ሜትር። በየጎኑ 1.5 ሳንቲ ሜትር የስፌት ትርፍ ሲጨመር የላይና የታች ገጾች 63 በ63 ይሆናሉ። በ140 ስፋት ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚወጡ፣ ለስድስቱ ገጾች ሦስት ረድፍ፣ ማለትም 189 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ዙሪያውን የሚሸፍነው ጥብጣብ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ለአንድ ትራስ ሁለት ሙሉ ጥብጣብ ይበቃል፤ ዚፕ የሚገባበት ክፍል ለሁለት ስለሚከፈል አንደኛውን 18 አድርገው ይቁረጡት። ለአንድ ትራስ 33፣ ለሦስቱ 99 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። እንግዲህ ለመቀመጫ ትራሶች ብቻ 2.9 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የመደገፊያ ትራሶችን፣ የእጅ ማሳረፊያዎችን፣ የፊት ለፊቱንና የጀርባውን በዚሁ መንገድ በወረቀት ላይ እየሳሉ ይደምሩ። ሙሉ በሙሉ የለበሰ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ እንደ ቅርጹ ከ12 እስከ 15 ሜትር ይወስዳል።

ይህ ስሌት ጥለት ለሌለው ጨርቅ ነው። ጥለቱ የሚደጋገምበት ርቀት ለምሳሌ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ከጥለቱ ተመሳሳይ ቦታ መጀመር ስላለበት፣ የ63ቱ ረድፍ 80 ይሆናል፤ 189 የነበረው ወደ 240 ያድጋል። ትልቅ አበባ ያለው ጨርቅ በሜትር ርካሽ መስሎ በጠቅላላው ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው። አበባው በእያንዳንዱ ትራስ መካከል ካላረፈ ደግሞ ባይገዛ ይሻል ነበር።

ለወንበር ስሌቱ ቀላል ነው። 45 በ45 የሆነ መቀመጫ ከነስፖንጁ ውፍረትና ከሥር ከሚታጠፈው ጋር 65 በ65 ይፈልጋል፤ ሁለት ጎን ለጎን ይወጣል፤ ለስድስት ወንበር 2 ሜትር ይበቃል።

ማፍረስ

አሮጌው ልባስ የሚጣል ነገር አይደለም፤ የአዲሱ መቁረጫ ልኬት እርሱ ነው። በመሆኑም እየቀደዱ አያውጡት። ከማፍረስዎ በፊት ሶፋውን ከአራቱም ጎን፣ ማዕዘኖቹንም በቅርበት ፎቶ ያንሱ። ሶፋውን ገልብጠው የሆዱን ጨርቅ ያንሱ፣ ከዚያ የጀርባውን፣ የእጅ ማሳረፊያውን ውጭ፣ የመደገፊያውን ፊት፣ በመጨረሻም መቀመጫውን ይፍቱ። በአጭሩ፣ መጨረሻ የተመታው መጀመሪያ ይነሳል፤ ሲያለብሱ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ስቴፕሎቹን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከፍ አድርገው በፒንሳ ይንቀሉ። ዓይንዎን በመነጽር ይከልሉ፣ ጓንትም ያድርጉ፤ አሮጌ ስቴፕል ሲሰበር ይፈናጠራል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የቦታውን ስም፣ የላይኛውና የፊተኛው ጎኑ የትኛው እንደሆነ በጠመኔ ይጻፉ።

አካሉ ሲራቆት መጋጠሚያዎቹን ይነቅንቁ። የላላ ካለ በኮላና በብሎን ይጠንክር። የላላ ሞላ፣ የተለጠጠ ላስቲክ ቀበቶ፣ የተሰነጠቀ ኮምፔንሳቶ ካለ አሁን ይቀየር። ትኋን የነበረበት ሶፋ ከሆነ የእንጨቱን ስንጥቅ ሁሉ ሳያጸዱ በአዲስ ጨርቅ መሸፈን ችግሩን ማሸግ ብቻ ነው።

ስፖንጅና ሙሊት

ለመቀመጫ የሚሆን ስፖንጅ ጥግግቱ በኪዩቢክ ሜትር 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ለመደገፊያ ከ20 እስከ 25 ይበቃል። ሻጩ «ጠንካራ ነው» ሲል በእጅ ብቻ መግፋት አይበቃም፤ ጥንካሬና ጥግግት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቀላል ሆኖ ጠንካራ የሆነ ስፖንጅ ቶሎ ይሰምጣል። ሁለት እኩል ቁራጮችን አንሥቶ ክብደታቸውን ማነጻጸር የተሻለ ፍርድ ይሰጣል።

ስፖንጁን ከልባሱ በየጎኑ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር አስበልጠው ይቁረጡት፤ ልባሱ ወጠር ብሎ የሚቆመው ያኔ ነው። በላዩ ላይ ስስ የፋይበር ንጣፍ ቢጠቀለልበት ማዕዘኖቹ ይለሰልሳሉ፣ ጨርቁም ከስፖንጁ ጋር አይፋተግም።

መቁረጥ

ጨርቁን በሰፊ ጠረጴዛ ወይም በንጹሕ ወለል ላይ፣ ፊቱን ወደ ታች አድርገው ይዘርጉ። ከፋይ ከሆነ ግን የጸጉሩን አቅጣጫ በጀርባው በኩል በየግማሽ ሜትሩ በጠመኔ ቀስት ምልክት ካላደረጉ በስተቀር አይጀምሩ። የመጀመሪያውን መስመር ከጠርዙ ጋር በትክክለኛ ማዕዘን ያስምሩ፤ በባለ ሱቁ መቀስ የተቆረጠው ጫፍ ቀጥ ያለ ነው ብለው አይመኑ።

ትላልቆቹን ቁራጮች ያስቀድሙ፣ ከዚያ ጥብጣቦቹን፣ በመጨረሻም ትናንሾቹን። ድሩ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ወይም ከኋላ ወደ ፊት ይሂድ። ጥብጣቦቹ በጨርቁ ስፋት የሚቆረጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሶፋው ላይ ሲቆሙ ድራቸው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከላዩ ገጽ ጋርም ይስማማል። ሁሉንም ቁራጮች በጠመኔ ሥለው ከጨረሱ በኋላ፣ መቀስ ሳያነሱ፣ አንድ በአንድ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ፤ ግራና ቀኝ የሆኑ የእጅ ማሳረፊያዎች ተመሳሳይ ሳይሆኑ አንዱ የሌላው ግልባጭ መሆናቸውን በተለይ ይዩ። ቅርጹ ውስብስብ ለሆነ ክፍል መጀመሪያ በአቡጀዲ ቆርጦ መሞከር ውድ ጨርቅ ያተርፋል።

ስፌቱ ላይ የሚገባው የጠርዝ ገመድ፣ ፓይፒንግ የሚባለው፣ ልባሱ በሰያፍ ይቆረጣል፤ 45 ዲግሪ ያዘመመ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ በማዕዘን ላይ ሳይሸበሸብ ይታጠፋል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጥብጣብ ማዕዘን ላይ ይኮማተራል።

ስፌት

ቁጥር 16 ወይም 18 መርፌ፣ ወፍራም የፖሊስተር ወይም የናይለን ክር ያዘጋጁ። ለቀሚስ የሚሆን የጥጥ ክር ሶፋ ላይ አይበረክትም። የስፌቱ ርዝመት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ፣ በተለይ በሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ፣ መርፌው ቁራጩን በቀዳዳ መስመር የመቁረጥ ያህል ያዳክመዋል። የቤት ስፌት መኪና አራት ድርብ ወፍራም ጨርቅ መውጋት ሊያቅተው ይችላል፤ መጀመሪያ በትርፍራፊ ላይ ይሞክሩ፣ ካቃተው ስፌቱን ብቻ ለሰፊ ሰጥቶ ሌላውን ራስዎ መሥራት ይቻላል።

የጨርቁ ጫፍ የሚፈታ ከሆነ እያንዳንዱን ቁራጭ ዙሪያውን በዚግዛግ ይስፉ። ለትራስ ልባስ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ዚፑ በኋለኛው ጥብጣብ ላይ ይሰፋል፤ ከፊት ጥብጣቡ ጋር ተያይዞ ቀለበት ይሆናል፤ ቀለበቱ ከላይኛው ገጽ ጋር ይሰፋል፤ በመጨረሻ ዚፑ ግማሽ ተከፍቶ ከታችኛው ገጽ ጋር ይሰፋል። ዚፑ ካልተከፈተ ልባሱን ወደ ውጭ የሚገለብጡበት መንገድ የለም። ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ጥብጣቡን እስከ ስፌቱ መስመር አፋፍ ድረስ በመቀስ ጫፍ ይንኩት፣ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ተክለው ያዙሩት። የላዩ ማዕዘንና የታቹ ማዕዘን በትይዩ እንዲያርፉ፣ የመጀመሪያው ገጽ እንደተሰፋ በጥብጣቡ ሌላ ጠርዝ ላይ አራቱንም ማዕዘኖች ምልክት ማድረግ አይዘንጋ፤ ይህ ከታለፈ ትራሱ ይጣመማል።

ከፋይን ሲሰፉ ሁለቱ ጸጉሮች እርስ በርስ እየተገፋፉ ይንሸራተታሉ፤ በእጅ ሰፊ ስፌት አያይዞ ወደ መኪና መሄድ እንጂ ሌላ ብልሃት የለውም። ስፌቱን ወደ ጸጉሩ መተኛ ይስፉ። ሰው ሠራሽ ቆዳና ቆዳ ግን ስፒል አይወጋባቸውም፤ ቀዳዳው አይከደንም። በወረቀት መያዣ ክሊፕ ይያያዙ። የተሳሳተ ስፌት ፈትቶ እንደገና መስፋትም እዚያ አይሠራም።

መወጠርና መምታት

በአካሉ ላይ የሚመታው ክፍል ትዕግሥት ይፈልጋል። ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር እግር ያለው ስቴፕል ለአብዛኛው ጨርቅ ይበቃል። ጨርቁን በቦታው ያስቀምጡና በመጀመሪያ በኋለኛው ጎን መካከል አንድ፣ በፊተኛው ጎን መካከል አንድ፣ በግራና በቀኝ መካከል አንድ አንድ ስቴፕል ይምቱ። ስቴፕሉ ሙሉ በሙሉ አይግባ፤ መንቀል ሊያስፈልግ ይችላል። አሁን ራቅ ብለው ድሩን ይመልከቱ፦ ከአካሉ ጠርዝ ጋር ትይዩ ነው? ካልሆነ ነቅለው ያስተካክሉ። ከመካከል ወደ ማዕዘን፣ አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በተቃራኒው እየተፈራረቁ ይቀጥሉ፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ጨርቁን በሰያፍ ያጣምመዋል። ከማዕዘኑ 5 ሳንቲ ሜትር ሲቀርዎ ያቁሙ።

ጨርቁ ምን ያህል ይወጠር? በመዳፍዎ መቀመጫውን ከመካከል ወደ ዳር ሲጠርጉት የሚገፋ እጥፋት መፈጠር የለበትም፤ ነገር ግን በስቴፕሎቹ አጠገብ ጨርቁ ጥርስ ጥርስ እያበጀ ከተሳበ ከልክ አልፏል። ሰው ሠራሽ ቆዳ በብርድ ስለሚደርቅ ጥቂት ጊዜ ፀሐይ ላይ ቢሰነብት ወይም በጸጉር ማድረቂያ ቢሞቅ ይታዘዛል።

ለማዕዘን፣ የጨርቁን ጫፍ ቀጥ አድርገው ወደ ውስጥ ስበው በአንድ ስቴፕል ይያዙት። በግራና በቀኝ የሚቀሩትን ሁለት ጆሮዎች ወደ ማዕዘኑ አጥፈው፣ ከሥር ያለውን ትርፍ ጨርቅ እስከ እንጨቱ ጠርዝ ሳይደርሱ ቆርጠው ያሳሱት፣ ከዚያ እጥፋቱ በማዕዘኑ ልክ እንዲወርድ አድርገው ይምቱ። ክብ ማዕዘን ከሆነ ትርፉን በብዙ ትናንሽ እጥፋቶች ከሥር ያከፋፍሉ።

የእጅ ማሳረፊያው ቋሚ እንጨት ጨርቁን በሚያቋርጥበት ቦታ የሚደረገው ቁርጥ ሥራውን ሁሉ ሊያበላሽ ስለሚችል በርጋታ ይሠራ። ጨርቁን ወደ እንጨቱ አጥፈው፣ ከጫፉ ወደ እንጨቱ መካከል ቀጥ ብለው ይቁረጡ፤ ከእንጨቱ 3 ሳንቲ ሜትር ሲቀር መቀሱን ወደ ሁለቱ የእንጨቱ ማዕዘኖች በሰያፍ ከፍለው፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲቀር ያቁሙ። መካከል ላይ የምትቀረው ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ወደ ውስጥ ታጥፋ ከእንጨቱ ጋር ትገጥማለች። ሲስቡት ካልደረሰ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጨምሩ፤ አስቀድሞ የረዘመ ቁርጥ ግን አይመለስም።

የእጅ ማሳረፊያው ውጭና የሶፋው ጀርባ መጨረሻ ላይ ይለብሳሉ። የላይኛው ጠርዛቸው ስቴፕል እንዳይታይ ጨርቁ ተገልብጦ፣ ቀጭን የካርቶን ጥብጣብ በስፌቱ መስመር ላይ ተደርጎበት ይመታና ወደ ታች ይመለሳል፤ ቀጥ ያለ ንጹሕ እጥፋት የሚሰጠው ካርቶኑ ነው። የሆዱ መሸፈኛ ጥቁር አቡጀዲ ወይም ሌላ ስስ ጨርቅ ሊሆን ይችላል፤ አቧራና የስፖንጅ ፍርፋሪ ወለል ላይ እንዳይወርድ ይከላከላል። ከዚያ እግሮቹ ይታሰራሉ።

ከለበሰ በኋላ

በሳምንት አንድ ጊዜ አቧራውን በቫኪዩም ወይም በለስላሳ ብሩሽ ያንሱ፤ በበጋ ወራት በጨርቁ ውስጥ የሚገባው ደቃቅ አቧራ ክሩን የሚበላው ሲቀመጡበት ነው። ጨርቁ መግለጫ ካለው፣ «ደብልዩ» ፊደል በውኃ እንደሚጸዳ፣ «ኤስ» በደረቅ ማጽጃ ብቻ፣ «ኤክስ» በመጥረግ ብቻ መሆኑን ያመለክታል። ቡና ሲፈስ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ጫን እያሉ ያስመጥጡት እንጂ አይሹት፤ ከዚያ ለብ ባለ ውኃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና ከዳር ወደ መካከል እያደረጉ ይንኩት። ቅቤና ዘይት ሲነካው መጀመሪያ ዱቄት ወይም የሕፃን ፓውደር ነስንሰው ለሰዓታት ይተዉትና ጠርገው ያንሱት፣ ሳሙናው ከዚያ በኋላ ይምጣ። የጧፍ ሰም ከፈሰሰ እስኪደርቅ ጠብቀው በማንኪያ ጀርባ ፍቀው፣ የቀረውን በወረቀትና ለብ ባለ ካውያ ያንሱ፤ በከፋይና በሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ ግን ካውያ አይሞከርም። የተረፈውን ጨርቅ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ የፍም ቀዳዳ ሲያጋጥም ከሥር የሚገባው መጣፊያ ከዚያው ጣቃ መሆን አለበት።